ቦምቦሊኖና ኬክ በአዲስ አበባ፤ ስለ ርካሹና ስለ ውዱ ጣፋጭ አመጣጥ አጭር ጥናት

የታሪክ ተማሪ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውል እንዲጽፍ ይጠበቃል። ስለዚህ በዚህ ዓመት ስለ ቦምቦሊኖ እንጽፋለን ባልን ጊዜ ጓደኞቻችን ሳቁብን፤ አንደኛውም ጥናቱ ሲያልቅ ቀሪውን ማስረጃ ለእርሱ እንድናካፍለው ለመነን። እኛ ግን ነገሩን በቀልድ አልጀመርነውም። በየቀኑ በዕረፍት ሰዓት በሩን ወጥተን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ስንታጠፍ፣ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች የወሰኑት ብዙ ነገር እግራችንን እንደሚመራው ስለ ተሰማን፣ ይህንኑ ተከታትለን ለመጻፍ ተነሣን።

ምርጫው እንዲህ ነው። በ4 ሰዓት የጧቱ ትምህርት ሲያበቃ ከግቢው የሚወጣ ተማሪ ሁለት ነገር ያያል። በአጥሩ ጥግ አንዲት ሴት በሳፋ ቦምቦሊኖ ይዛ፣ ላዩን በላስቲክ ሸፍና፣ በትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ባለ መስታወቱ ኬክ ቤት አለ፤ በመስታወቱ ውስጥ ክሬም የተቀባው፣ ቸኮሌት የፈሰሰበት፣ በቅጠል በቅጠል የተነባበረው ሚልፎኝ ተደርድሯል። የሁለቱን ዋጋ በቁጥር አንጽፍም፤ ይህ መጽሔት ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ይለወጣልና። ነገር ግን በአንድ ኬክ ዋጋ ብዙ ቦምቦሊኖ ከነሻዩ እንደሚገኝ፣ ይህም በየዘመኑ እንዲሁ እንደ ነበር፣ የማያውቅ ተማሪ የለም።

ሰዎችን ብንጠይቅ ሁሉም ጉዳዩን የኪስ ጉዳይ ነው ይሉታል፤ ገንዘብ ያለው ኬክ ይበላል፣ የሌለው ቦምቦሊኖ ይበላል፣ በቃ። ይህ ሐሳብ ሐሰት ባይሆንም ጐደሎ ነው። አንደኛው ለምን ርካሽ፣ ሁለተኛው ለምን ውድ ሆነ ብሎ አይጠይቅምና። ሁለቱም በአገራችን ከተሞች የተስፋፉት በአንድ በር በኩልና በተቀራረበ ዘመን ነው። ሁለቱም ከስንዴ ዱቄት፣ ከስኳርና ከስብ የሚሠሩ የባዕድ እንግዶች ናቸው። አንደኛው ወደ መንገድ ወርዶ የሰፈር ልጅ ሆነ፤ ሁለተኛው በመስታወት ውስጥ ቀረ። ያለያያቸውም ጣዕም ሳይሆን፣ ምድጃና ጾም፣ እንዲሁም ድካሙ የማን ነው የሚለው ጉዳይ ነው ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ ስለ ቀድሞው ሁኔታ ጥቂት እንበል። በደጋው አገራችን የዳቦ ሥራ የምጣድ ሥራ ነው። እንጀራውም፣ ቂጣውም፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም እሳት የሚነድድበት ድፎ ዳቦም በምጣድ ይበስላል። ሊጥን በፈላ ስብ ውስጥ ነክሮ መጥበስ ግን በደጋው ቤት የተለመደ አልነበረም፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቅቤ ውድ ነው፤ ለወጥና ለራስ ይፈለጋል። የኑግ ዘይትም በብዙ ድካም የሚጨመቅ ስለ ሆነ ለጾም ወጥ በማንኪያ ይለካል እንጂ ድስት ሙሉ አይፈላም። ጣፋጩም ማር ነበረ፤ የማር ዕጣ ደግሞ በአብዛኛው ጠጅ ነው። በምሥራቅ በኩል ነገሩ ይለያል። ሐረርና ድሬዳዋ ከቀይ ባሕር ማዶ ጋር በነበራቸው ንግድ ምክንያት ሳምቡሳውንና በስኳር የሚነከረውን ሙሸበክ ያውቃሉ፤ በረመዳን ማታ የሚሸጠው ጥብስ የዚያ አገር ሰው ለፈላ ዘይት እንግዳ እንዳልሆነ ያስረዳል።

በአዲስ አበባ ደግሞ ኬክ ከቦምቦሊኖ ቀድሞ ሳይገባ አልቀረም። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ያቋቋሙት ሆቴል የውጭ አገር ምግብ ለእንግዳ የሚቀርብበት ቤት ሆኖ ነበር። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች ዳቦ ቤትና ግሮሰሪ ከፍተው ሌጋሲዮኖችንና መኳንንቱን ያገለግሉ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ኬክ ለጥቂቶች የተሠራ ስለ ነበረ፣ የከተማው ሕዝብ ምርጫ ነበረው ለማለት አይቻልም። ምርጫ የሚባለው ነገር የመጣው በኋላ ነው።

ስለ ቦምቦሊኖ የአውሮፓ ዘር ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ እኛ ግን በፍጥነት እናልፈዋለን። ሮማዊው ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ160 ገደማ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ፣ አይብና ዱቄት ተደባልቆ በስብ ተጠብሶ ማር የሚቀባ ድቡልቡል ምግብ አሠራሩን ገልጿል። በጀርመን አገር በኑረምበርግ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1485 በታተመ የወጥ ቤት መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ውስጡ የተሞላ የተጠበሰ ሊጥ ተጽፎ ይገኛል። የቪየና ሰዎች ክራፕፈን የሚሉትን፣ የቶስካና ሰዎች ቦምቦሎኔ ይሉታል። ቶስካናን ከ1737 እስከ 1859 (እ.ኤ.አ.) በመካከሉ ከገባው የናፖሌዎን ዘመን በቀር የገዙት ከቪየና ቤተ መንግሥት ጋር የተዛመዱት የሎሬን መሳፍንት ስለ ነበሩ፣ ምግቡም በዚሁ መንገድ ተራራውን ተሻግሮ ወረደ ይባላል። ከቦምቦሎኔ ወደ ቦምቦሊኖ ያለው መንገድ አጭር ነው።

ከዚህ ሁሉ ለጥናታችን የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። በአውሮፓ ይህ ጥብስ የካርኒቫል ምግብ ነበር። ይኸውም ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል በየቤቱ ያለው የዐሣማ ስብ፣ እንቁላልና ቅቤ እንዳይበላሽ ተጠብሶ የሚያልቅበት ምግብ ነው። የቪየና ሰው ክራፕፈኑን ከጾሙ በፊት ይበላል፤ የፖላንድ ሰው «የስብ ሐሙስ» ብሎ ቀን ሰይሞለታል። ይህን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ወታደርና ሠራተኛ፣ ነጋዴና ጸሐፊ አስከትሎ ነበር። የፋሺስት መንግሥት ኢትዮጵያን የስንዴ ጐተራ አደርጋለሁ ብሎ ቢፎክርም፣ ለራሱ ሰዎች እንኳ የሚበቃ ስንዴ ማምረት አቅቶት ዱቄትን በመርከብ ከውጭ ያስመጣ ነበር። ከተማውንም በዘር ከፋፍሎ፣ ኢጣልያኖች የሚኖሩበትን ሰፈር ለብቻ፣ «የአገሬው ገበያ» የተባለውን መርካቶ ለብቻ አደረገ። ስለዚህ አዲሱ ዳቦና ጣፋጭ በመጀመሪያ የተጋገረው ለእኛ አልነበረም። ነገር ግን የሚያቦካ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ዱቄት የሚሸከም እጅ የማን እንደ ነበር ግልጽ ነው፤ እጅ ደግሞ ያየውን አይረሳም።

ለዚህ ጽኑ ምስክር የምናቀርበው ቋንቋችንን ነው። ነጩን የስንዴ ዱቄት ዛሬም ባለሱቁ «የፉርኖ ዱቄት» ይለዋል። ፎርኖ በኢጣልያንኛ የዳቦ ምድጃ ማለት ነው። እንግዲህ በአገራችን ባለ ሱቆች አፍ ዱቄቱ በምድጃው ስም ተጠርቷል ማለት ነው፤ ዱቄቱ ቤት ገባ፣ ምድጃው ግን አልገባም፣ ስሙ ብቻ ቀረ። ብዙ እናቶች የፉርኖ ዱቄት ገዝተው የሚያበስሉት በፉርኖ ሳይሆን በከሰል ማንደጃና በብረት ድስት ነው። ማኪያቶ፣ ፓስታ፣ ቶርታ፣ ቦምቦሊኖ፣ እነዚህ ሁሉ ከዚያው ወገን የተገኙ ቃላት ናቸው። «ኬክ» ግን የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ነገሩን ኢጣልያኖች ሠርተውት ሳለ ስሙ እንግሊዝኛ የሆነበት ምክንያት፣ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የትምህርት ቤቱና የክብሩ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለ ሆነ ነው ብለን እናስባለን። ርካሹ ጥብስ ግን ትምህርት ቤት ስላልገባ የጥንት ስሙን እንደ ያዘ ቀረ። በዚህ ሐሳብ የማይስማማ አንባቢ ቢኖር ክርክሩን በደስታ እንቀበላለን።

ከነጻነት በኋላ እንግሊዞች ኢጣልያኖችን ወደ አገራቸው ለማጓጓዝ ቢጣደፉም፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሜካኒኮችና ባለሙያዎች እንዲቀሩለት ፈልጎ ስለ ነበር ጥቂቶች ቀሩ። ከቀሩትም መካከል ጋጋሪዎችና ወጥ ቤቶች ይገኙባቸዋል። ፒያሳ የኬክና የማኪያቶ ሰፈር የሆነው እንዲህ ነው፤ በሚልፎኙ የታወቀውን ኤንሪኮን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሽማግሌ አይገኝም። (ያ አሮጌው ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሰፊው ክፍሉ ፈርሷል፤ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አንዳንዱን ቤት ቆመን ለማየት ፈልገን ባዶ ቦታ ነው የገጠመን።) ስኳርም ከሩቅ መምጣቱ ቀነሰ። ሀንድልስ ፌሬኒጊንግ አምስተርዳም የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1943 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ፣ የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማውጣት ጀመረ። ከዚያ በፊት ስኳር በጂቡቲ በኩል የሚመጣ የከተማ ቅንጦት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በየሱቁ የሚገኝ ሆነ። ስኳር ከሌለ ኬክም ቦምቦሊኖም እንደማይኖር ግልጽ ስለ ሆነ፣ የሁለቱን መስፋፋት ከወንጂ ሸንኮራ ለይቶ ማየት አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያት እንምጣ።

ኬክ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ወተትና ክሬም ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ፍስክ ናቸው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ጾመ ነቢያትን፣ ጾመ ሐዋርያትን፣ ፍልሰታንና ሌሎቹን ደምሮ ለምእመናን ሁሉ የታዘዙት የጾም ቀኖች በዓመት ከ180 እንደሚበልጡ ይቈጠራል። ይህ ማለት ኬክ ቤቱ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ቀን ለጿሚው የተዘጋ በር ነው ማለት ነው። ደኅና ገበያ የሚያገኘው በበዓል፣ ይልቁንም ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾሙበት በበዓለ ኀምሳ ነው። ቦምቦሊኖ ግን ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ስኳርና የአትክልት ዘይት ብቻ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። አንዳንዷ ሻጭ ወተት ወይም እንቁላል ብትጨምርም፣ አብዛኞቹ አይጨምሩም፤ ለመቈጠብ ብቻ አይደለም፣ ረቡዕ ቀን የሚገዛት እንዳይጠፋ ነው እንጂ። ስለዚህ ቦምቦሊኖ ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ጧት ለሚጾም ሰው ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ለማይጾም ልጅ ጧት፣ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም እኩል ይቀርባል።

ከዚህ ላይ አንባቢ የካርኒቫሉን ነገር ያስታውስ። አውሮፓዊው ከጾም በፊት ስቡን ለመጨረስ የሚጠብሰውን፣ እኛ በጾሙ ውስጥ እንበላዋለን። የዐሣማ ስቡ ወጥቶ የኑግ ወይም የፓልም ዘይት ገባ፣ እንቁላሉም ቀረ፣ በመካከሉ ይሞላ የነበረው ማርማላታና ክሬምም ጠፋ። አንድ ምግብ ከአገር ወደ አገር ሲሄድ ስሙን ሳይለውጥ በጾምና በፍስክ መካከል ያለውን መስመር ተሻግሮ ተቀመጠ። ይህን ያደረገ ንጉሥ ወይም አዋጅ የለም። በየሰፈሩ የሚኖሩ ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ናቸው ያደረጉት።

ይህን ከመጻሕፍት በፊት ያስተማረን ልጅነታችን ነው። በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የውጭ አገር መምህራኑ የራሳቸውን ገና በሚያከብሩበት በታኅሣሥ 16 ቀን፣ ለአዳሪ ተማሪዎች ሁሉ አንዳንድ ቁራሽ ኬክ ያድሉን ነበር። ደግነታቸውን አንረሳውም። ነገር ግን ቀኑ በጾመ ነቢያት መካከል ስለሚውል፣ ጿሚዎቹ ልጆች ቁራሹን በደብተር ወረቀት ጠቅልለን ለእኛ ገና ብለን በሣጥናችን እናስቀምጠው ነበር። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ እንደ ድንጋይ ደርቆ ወይም ጉንዳን በልቶት ይገኛል። በዚያው ታኅሣሥ 16 ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ሽቦ መካከል ሳንቲም አሾልከን የምንገዛው ግን ቦምቦሊኖ ነበር፤ ትኩስ፣ የጾም፣ ወዲያው የሚበላ።

ሁለተኛው ምክንያት ምድጃ ነው። ኬክ ለመጋገር ሙቀቱ የሚመጠን ምድጃ፣ ኤሌክትሪክ፣ ክሬሙ የሚቀመጥበት ፍሪጅ፣ ባለ መስታወት መደርደሪያ፣ የቤት ኪራይና የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል። መብራት በጠፋ ቁጥር ክሬሙ ይበላሻል። ቦምቦሊኖ የሚፈልገው ብረት ድስት፣ ማንደጃ፣ ከሰልና አንድ ጀሪካን ዘይት ነው። ስለዚህ በትንሽ ዕቁብ ገንዘብ ሥራ መጀመር ይቻላል፤ ብዙ ሻጮችም የጀመሩት እንዲሁ ነው።

በግቢያችን አጠገብ የምትሸጠውን ሴት በአንድ ሌሊት ሥራዋ ላይ ተገኝተን እንድናይ ፈቀደችልን። ማታ በ3 ሰዓት ሊጡን አቡክታ በጨርቅ ሸፍና ታሳድረዋለች። ሌሊት በ10 ሰዓት ትነሣና ሊጡ ኩፍ ብሎ እንደ ሆነ በጣቷ ነክታ ታያለች፤ ጉድጓዱ ቶሎ ካልተመለሰ ደርሷል ማለት ነው። ከሰሉ እስኪቀጣጠል ሊጡን ድቡልቡል እያደረገች፣ መካከሉን በጣቷ እየበሳች በዱቄት በተነሰነሰ ትሪ ላይ ትደረድራለች። ዘይቱ መድረሱን የምታውቀው ቁራጭ ሊጥ ጥላበት ወዲያው አረፋ አውጥቶ ሲንሳፈፍ ነው። ከዚያ በቀጭን እንጨት እየገለበጠች ታወጣለች። ለምን መካከሉን ትበሺዋለሽ ብንላት «መካከሉ ጥሬ እንዳይቀር ነው፤ ከሰልም ይቈጥባል» አለችን። የፊዚክስ መምህራችን ከዚህ የተሻለ መልስ አልሰጡንም።

በአሜሪካ አገርም ይህ ጥብስ ርካሽ ነው፤ የርካሽነቱ ምክንያት ግን ሌላ ነው። አዶልፍ ሌቪት የተባለ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1920 በኒው ዮርክ ዶናት በራሱ የሚሠራ መኪና ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ርካሽነቱ የመኪናው ፍጥነት ነው። በእኛ አገር መኪናው ያቺው ሴት ናት። የሌሊት እንቅልፏ፣ በጭስ የተቃጠለው ዓይኗ፣ ከትምህርት በፊት ውሃ የምትቀዳላት ልጇ በዋጋው ውስጥ አልተቈጠሩም። የኬክ ቤቱ ባለቤት ለጋጋሪው፣ ለአስተናጋጁና ለገንዘብ ተቀባዩ የሚከፍለውን ደመወዝ በኬኩ ዋጋ ላይ ይጨምራል፤ እርሷ ግን ለራሷ ደመወዝ አትጽፍም። እንግዲህ በአንድ ኬክና በአንድ ቦምቦሊኖ ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት ከፊሉ የቅቤና የክሬም ሲሆን፣ ከፊሉ ያልተከፈለ ድካም ነው። ይህን ስንጽፍ እኛም በየቀኑ ከዚያ ባልተከፈለው እንደምንበላ አንዘነጋም።

ቦምቦሊኖን ብቻ እያመሰገንን እንዳይመስል ደግሞ የሚነቀፍበትን እንናገር። ዘይት ደጋግሞ ሲፈላ ይጠቁራል፣ ይመርራል፣ ለሆድም አይስማማም፤ ይህን የማታደርግ ሻጭ እንዳለች ሁሉ የምታደርግም አለች። አቧራውም የታወቀ ነው። ኬክ የሚመርጥ ተማሪ ስለ ንጽሕና ብሎ ከሆነ ነቀፌታ የለንም። ነገር ግን ዘይቱ የሚደጋገመው ሻጯ ንጽሕና ስለማታውቅ ሳይሆን ዘይት ውድ ስለ ሆነ ነው፤ ይህም ወደ ቅርቡ ታሪክ ይወስደናል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በነበረው ዘመን ስኳር በቀበሌ ሱቅ በቤተሰብ ቍጥር እየተመጠነ ሲታደል፣ የጣፋጭ ንግድ ሁሉ በራሽኑ ደብተር ላይ ጥገኛ ሆኖ ነበር። በቅርቡ ደግሞ የመጣው ችግር ከሩቅ ነው። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የስንዴና የዘይት ዋጋ በዓለም ሁሉ ናረ። ከሚያዝያ 20 እስከ ግንቦት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ የኢንዶኔዥያ መንግሥት የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ። ኢትዮጵያ ከውጭ ከምታስገባው የምግብ ዘይት አብዛኛው የፓልም ዘይት ስለ ሆነ፣ በጃካርታ የተፈረመ ትእዛዝ በአዲስ አበባ ጉሊት ባለው ብረት ድስት ውስጥ ይታያል። ኬክ ቤቱ በዚህ ጊዜ አዲስ የዋጋ ዝርዝር ጽፎ መስታወቱ ላይ ለጠፈ። የቦምቦሊኖ ሻጭ ግን እንዲህ ማድረግ አትችልም፤ የእርሷ ደንበኛ በእጁ ያለችው ያችው ብር ናት። ምን እንዳደረገች የተረዳነው በአንድ ጧት ከእኛ አንዱ ሲጠይቃት ነው።

«እትዬ፣ ዛሬስ ዋጋ ጨመርሽ እንዴ?»

«ኧረ እኔ አልጨመርኩም ልጄ» አለችው፤ «የጨመረው ቀዳዳው ነው።»

እውነትም ነው። ዋጋው ሳይነካ ቀለበቱ እየቀጠነ፣ ቀዳዳው እየሰፋ ሄዷል። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የኑሮ ውድነትን በሠንጠረዥ ይከታተላሉ፤ የቦምቦሊኖን ቀዳዳ በየወሩ በማስመሪያ ለክቶ የሚመዘግብ ቢገኝ፣ ከሠንጠረዡ ጋር ለማስተያየት የሚጠቅም መዝገብ ይሆን ነበር ብለን እንገምታለን።

ስለ እፍረት ሳንናገር ብናልፍ ግን ታማኞች አንሆንም። ቦምቦሊኖ የዕለት ቍርስ ሲሆን ኬክ የክብር ምልክት ሆኗል። በልጅ ልደት ቀን ድፎ ዳቦው ቢቈረስም ሻማ የሚበራው በኬክ ላይ ነው። ሙሽሮችም ኬክ ይቈርሳሉ። ከእኛም መካከል ጧት ጧት በአጥሩ ጥግ ቆሞ ቦምቦሊኖ የሚበላ ወንድ ተማሪ፣ ከአንዲት ልጅ ጋር ሲታይ ግን ሻጯን እንደማያውቃት ሆኖ አልፎ ወደ ኬክ ቤቱ ይገባል፤ የወሩንም የኪስ ገንዘብ በአንድ ቀን ይጨርሳል። ልጅቷ ራሷ በማግስቱ ቦምቦሊኖ ስትገዛ ያየናት መሆኑን ስንነግረው ቅር አለው። ሻጯ በበኩሏ እንዲህ ያለውን ተማሪ ስታይ ቀና ብላ አታየውም። «እንዳላሳፍረው ብዬ ነው» አለችን።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ያየነው ለውጥ ለጥናታችን መጨረሻ ይሆነን ዘንድ እንጽፈዋለን። ኬክ ቤቶች ጿሚውን ደንበኛ ላለማጣት ወተትና እንቁላል የሌለበት «የጾም ኬክ» ማውጣት ለምደዋል፤ ይህ ቦምቦሊኖ አስቀድሞ ያደረገውን መከተል ነው። ከዚህም አልፈው፣ ቀለበት የመሰለውን ጥብስ በቸኮሌት ወይም በስኳር ቀብተው «ዶናት» በሚል ስም በመስታወቱ ውስጥ አስቀምጠዋል። ስሙ እንደ ኬክ ሁሉ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ነው፤ ዋጋውም ከስሙ ጋር ከፍ ብሏል። አንዱን ገዝተን ለሴትዮዋ ወሰድንላት። ቈርሳ ቀመሰችውና ሊጡ ደኅና እንዳደረ፣ ዘይቱ ግን በቅጡ ሳይፈላ እንደ ገባ ነገረችን። ዋጋውን ስንነግራት ግን ምንም አልመለሰችም፤ የቀረውን በወረቀት ጠቅልላ ለልጇ አስቀመጠችው። በዚያ ሳምንት ከበሩ አጠገብ እንድትነሣ ጠባቂዎቹ ነግረዋት ነበርና፣ ሳፋዋን ይዛ ወደ ታችኛው መታጠፊያ መዛወሯን ነገረችን። አሁን በዕረፍት ሰዓት እዚያ ለመድረስ የኬክ ቤቱን በር ማለፍ ግድ ሆኗል።